ያልበላችሁት ምሳ ከቼካችሁ ሲቆረጥ፦ በአሜሪካ የነርሲንግ ሆምና የሆም ኬር ሠራተኞች ገንዘባቸውን በጋራ ክስ የሚያስመልሱበት መንገድ

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከሲያትል እስከ ሚኒያፖሊስ፣ በሰዓት እየተከፈላቸው አረጋውያንንና ሕሙማንን የሚንከባከቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሲኤንኤና ጂኤንኤ (የነርስ ረዳቶች)፣ ሜድ ቴክ (መድኃኒት የሚሰጥ ረዳት)፣ ሆም ሄልዝ ኤይድ (ቤት ለቤት የሚንከባከብ)። ሥራው ወገብ ይሰብራል። ብዙ ቦታ ደግሞ የደመወዝ ሲስተሙ ከእያንዳንዱ ሺፍት 30 ደቂቃ «ለምሳ» ብሎ በራሱ ይቆርጣል። ምሳው ተበላ አልተበላ፣ የሚጠይቅ የለም።

ይህን ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። ለብቻ ሲሆን ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ሕጉ በጋራ መክሰስን የፈቀደውም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። ይህ መመሪያ ጠበቃን አይተካም። ጠበቃ ፊት ባዶ እጃችሁን እንዳትቀርቡ ግን ያግዛችኋል። ዓመተ ምሕረቶቹም ሰዓቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ፣ ደቂቃው የሚከፈልበት መሆኑን እዩ

ሰው የሚደነግጥበትን ነገር ላስቀድም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪ ለአዋቂ ሠራተኛ የምሳ ሰዓት እንዲሰጥ አያስገድድም። ነገር ግን አሠሪው ምሳ ሰዓት ሰጥቻለሁ ብሎ ደመወዝ ከቆረጠ፣ በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ነፃ መሆን አለበት። ይህ በ1938 ከወጣው የፌር ሌበር ስታንዳርድስ አክት ጋር አብሮ የሚሠራ ደንብ ነው። በተለምዶ የሚጠበቀው 30 ደቂቃ ነው። ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን አጭር እረፍት ደግሞ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈላል።

ነፃ መሆን ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት ሲኤንኤ ብሬክ ሩም ገብታ ሽሮዋን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተተች። ሬዲዮው ወገቧ ላይ ነው። በዚያ ፎቅ ሁለት ሆነው 24 ሰው ይዘዋል፤ ጓደኛዋ አንዱን ሻወር እያስገባች ነው። ገና ሳትጎርስ የኮሪደሩ መብራት በራ። መጥሪያውን ያበራው ያለ ረዳት ከተነሣ የሚወድቅ ሰው ነው። ሹካዋን አስቀምጣ ሮጠች። መጸዳጃ ቤት ወሰደችው፣ ልብስ ቀየረችለት፣ ተመልሳ ስትመጣ 30 ደቂቃው አልቋል። ይህ እረፍት አይደለም፣ ሥራ ነው። ሪዚደንቶችን (በተቋሙ የሚኖሩትን) እያበሉ ጎን ለጎን መጉረስም ሥራ ነው። ነርሲንግ ስቴሽን ተቀምጦ ቻርት እየሞሉ ሳንድዊች መብላትም እንደዚያው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አትዘንጉ። ከግቢ አትውጡ መባላችሁ ብቻውን ሰዓቱን የሚከፈልበት አያደርገውም። አንድ ቀን ለሁለት ደቂቃ ጥያቄ መመለሳችሁም ብዙ ርቀት ላይወስዳችሁ ይችላል። አብዛኞቹ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ያ ሰዓት በአብዛኛው የዋለው ለማን ጥቅም ነው የሚለውን ነው። ስለዚህ በየሺፍቱ የሚደጋገመውን ፈልጉ።

ከዚያ የስቴታችሁን ሕግ ተመልከቱ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በካሊፎርኒያ ከ5 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው የ30 ደቂቃ ምሳ ሊያገኝ ይገባል፤ ካላገኘ ለዚያ ቀን ተጨማሪ የአንድ ሰዓት ደመወዝ ይታሰብለታል። ዋሽንግተን ስቴትና ኮሎራዶም የምሳ እረፍትን ያስገድዳሉ። ሚኒሶታ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሰጥ ደንግጋለች። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለአዋቂ የእንክብካቤ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ግዴታ የላቸውም። ይሁንና የተሠራ ሰዓት ሳይከፈል ቢቀር የደመወዝ ሕጋቸው ጠንካራ ነው። ሜሪላንድ እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ልትፈርድ ትችላለች። ቨርጂኒያም ከጁላይ 2020 ጀምሮ ሠራተኞች በጋራ እንዲከሱ ፈቅዳለች።

2. ሂሳቡን ሥሩ

ፔይ ስተባችሁን (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀታችሁን) አውጡ። ፓንች ያደረጋችሁበትን (መግቢያና መውጫ የመዘገባችሁበትን) ሰዓትና የተከፈላችሁበትን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከ7፡00 ኤኤም እስከ 3፡30 ፒኤም ሠርታችሁ 8 ሰዓት ብቻ ከተከፈላችሁ፣ 30 ደቂቃው ተቆርጧል። ምሳ ፓንች ሳታደርጉ ሁልጊዜ እኩል 30 ደቂቃ የሚጎድል ከሆነ፣ የሚቆርጠው ሲስተሙ ራሱ ነው።

በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈላት፣ በሳምንት አምስት ቀን እንዲህ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። ቼኳ ላይ 40 ሰዓት ይላል። አምስቱንም ቀን ምሳ ካልወጣች የሠራችው 42 ሰዓት ተኩል ነው። ከ40 በላይ ያለው ኦቨርታይም ስለሆነ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ በሰዓት 30 ዶላር። ሁለት ሰዓት ተኩል በ30 ሲባዛ በሳምንት 75 ዶላር። በዓመት 50 ሳምንት ከሠራች 3,750 ዶላር። የሁለት ዓመቱ 7,500 ነው። በፌዴራል ሕግ አሠሪው በቅን ልቦና መሥራቱን ካላስረዳ፣ ያንኑ ያህል ገንዘብ በካሣ መልክ ስለሚጨመር 15,000 ዶላር ይሆናል። ይህ የአንድ ሰው ብቻ ነው። በአንድ ሕንፃ 80 ሰው ቢኖር ጠበቃ ለምን እንደሚመጣ ይገባችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገራችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን 12 ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ቼካችሁ 36 ይላል፤ የተቆረጠው ቢጨመር 37 ተኩል ነው። ከ40 በታች ስለሆነ ኦቨርታይም የለም። የሳምንቱ ደመወዛችሁ በሠራችሁት ሰዓት ሁሉ ሲካፈል ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ከ7.25 ዶላር በላይ ካገኛችሁ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ለዚያ ሳምንት ብዙም አይረዳችሁም። መንገዳችሁ የስቴት ሕግ ነው ማለት ነው። ጠበቃችሁ ሁለቱንም እንዲያነሣ ጠይቁ። ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም በሳምንት 40 ፋንታ በ14 ቀን 80 ሰዓት፣ ወይም በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እያሉ ኦቨርታይም እንዲቆጥሩም ሕጉ ይፈቅዳል። ምን ዓይነት አቆጣጠር እንደሚጠቀሙ ኤችአርን (የሰው ኃይል ክፍሉን) ጠይቁ።

በኤጀንሲ በኩል ቤት ለቤት ለምትሠሩ አንድ ቃል። በ2013 የወጣ ደንብ የኤጀንሲ ሆም ኬር ሠራተኞችን በፌዴራል የዝቅተኛ ደመወዝና የኦቨርታይም ጥበቃ ሥር አስገብቶ ነበር። የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በጁላይ 2025 ይህን ለመቀልበስ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ የናንተ ጉዳይ በስቴት ሕግ ላይ ይበልጥ ሊያርፍ ስለሚችል ያንን አስቀድማችሁ አጣሩ።

3. ዛሬውኑ መጻፍ ጀምሩ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ከሁሉም እርምጃ ይህንን አጥብቄ እላችኋለሁ።

ትንሽ ደብተር ግዙ፤ ወይም በራሳችሁ ስልክ ላይ ያዙ። የሥራ ኮምፒውተርም ሆነ የሥራ ኢሜይል አትጠቀሙ። በየሺፍቱ ማታውኑ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ፎቁን፣ ስንት ሆናችሁ ስንት ሰው እንደያዛችሁ፣ ምሳ ያቋረጣችሁ ምን እንደሆነ። «ማርች 4፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ለ24 ሰው ሁለት ነን፣ አንዷ ኮል አውት አድርጋ ቀርታለች፣ ምሳ አልወጣሁም፣ ለሱፐርቫይዘሯ 1፡15 ላይ ነግሬያታለሁ።» ይህን የመሰለች አንዲት መስመር ትበቃለች። ምሳ በወጣችሁበት ቀንም «ወጥቻለሁ» ብላችሁ ጻፉ። እውነቱን ሁሉ የያዘ ደብተር ይታመናል።

የሪዚደንት ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ሕመም አትጻፉ። ቻርት ፎቶ አታንሡ፣ ወረቀት ከሥራ ቦታ ይዛችሁ አትውጡ። የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቀው ሂፓ የሚባለው ሕግ አለ፤ በዚያ ሰበብ ሥራችሁንም ሰርተፊኬታችሁንም ልታጡ ትችላላችሁ። ደግሞም አያስፈልጋችሁም። የጥሪ መብራቱ መቼ እንደበራና መቼ እንደጠፋ በብዙ ቦታ ይመዘገባል። ቻርት ላይ ያስገባችሁት ሁሉ ሰዓት አለው። ክሱ ሲጀመር ጠበቃው እነዚህን ከአሠሪው በሕግ ያስወጣል። በ12፡40 ምሳ ላይ ነበረች የተባለች ሠራተኛ በ12፡47 የሰው ደም ግፊት መዝግባ ከተገኘች፣ ማስረጃው ከአሠሪው ቤት ወጣ ማለት ነው።

ያለፈውን ዓመት አልጻፍኩም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው። በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማውንት ክሌመንስ የሸክላ ፋብሪካ ሠራተኞች መዝገብ ላይ፣ አሠሪው በትክክል ካልመዘገበ ሠራተኛው በምክንያታዊ ግምት ማስረዳት እንደሚችል ወስኗል። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

4. ቅሬታውን በአሠሪው መንገድ አስገቡ

ብዙ ቦታ የምሳ ሰዓት ሲያልፋችሁ የምትሞሉት ፎርም ወይም ሎግ አለ። ሙሉት። ይህንን ችላ ማለት ትልቅ ክስ አበላሽቷል። በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሠራ የነበረች ነርስ በራሱ ስለሚቆረጠው ምሳ ከሰሰች። ምሳ እንደማትወጣ ለአለቆቿ ነግራ ነበር። ሆኖም ያለፋት ምሳ እንዲከፈላት የሚሞላውን ሎግ መሙላት አቁማ ነበር፤ አልተከፈለኝም ብላም አልነገረችም። በ2012 የስድስተኛው ሰርኪት የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ አሠሪው ምክንያታዊ የማመልከቻ መንገድ አዘጋጅቶ ሠራተኛዋ ካልተጠቀመችበት ተጠያቂ አይሆንም ብሎ ፈረደባት።

ስለዚህ ስታመለክቱ ሁለቱንም ተናገሩ፦ «ምሳ አልወጣሁም» እና «የተቆረጠው 30 ደቂቃ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ»። ሞልታችሁ ስትጨርሱ የራሳችሁን ፎርም ፎቶ አንሡ። ሱፐርቫይዘሩ «ፎርሙን አትሙሉ፣ ባጀት የለም» ካለ፣ ያንኑ በቴክስት መልሳችሁ ጻፉለት፦ «ዛሬ ፎርሙን እንዳልሞላ ስለነገርከኝ አልሞላሁም፤ በምሳ ሰዓት ግን ሥራ ላይ ነበርኩ።» ይህ ቴክስት ከአሥር ምስክር ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። አሠሪው መንገዱን ራሱ ከዘጋ በዚያች ነርስ ጉዳይ የሠራው ዓይነት መከላከያ አይሠራለትም።

5. ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ተነጋገሩ

በግል ድርጅት የሚሠሩ፣ አለቃ ያልሆኑ ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እርስ በርስ የመነጋገር መብት አላቸው። ከ1935 ጀምሮ ያለ መብት ነው፤ ዩኒየን ባይኖርም ይሠራል። «ስለ ቼክ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ማስፈራሪያ ብትሰሙ አትመኑ።

በብሬክ ሰዓት ወይም ከሥራ ውጪ ተነጋገሩ። እኛ አበሾች እርስ በርሳችን ብቻ እንዳንቀር። የማታ ሺፍቷ ጋናዊት፣ የሦስተኛው ፎቅ ፊሊፒናዊ፣ ኤል ሳልቫዶራዊቷ የኩሽና ሠራተኛም የሚቆረጥባቸው ከሆነ ጉዳዩ የሁሉም ነው። አሠሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «የእያንዳንዱ ሰው ምሳ የተለያየ ነው፣ በጋራ ሊታይ አይችልም» ማለቱ አይቀርም። ያንን የሚያፈርሰው ሁሉንም የሚነካ አንድ አሠራር መኖሩ ነው፦ በራሱ የሚቆርጥ ሲስተም፣ ሰው በማነሱ ተተኪ አለመኖሩ፣ ሬዲዮ አታውልቁ የሚል ትእዛዝ። ከተለያየ ፎቅና ሺፍት ሰው ሲኖር ይህ ይታያል።

ዩኒየን ካላችሁ ኮንትራቱን አስቀድማችሁ አንብቡና ተወካያችሁን አናግሩ።

6. ስትቀጠሩ የፈረማችሁትን ፈልጉ

ሥራ ስትጀምሩ ኮምፒውተር ላይ እየተጫናችሁ ያለፋችኋቸው ገጾች ውስጥ የአርቢትሬሽን (ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጪ በግል ዳኛ የመጨረስ) ስምምነት ሊኖር ይችላል። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኤፒክ ሲስተምስ በተባለው መዝገብ፣ «በጋራ አልከስም» የሚል እንዲህ ያለ ውል እንደሚጸና ወስኗል። ጉዳታችን ከባድ ነው፤ በዚህ ውሳኔ አልስማማም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ኮፒውን ከኤችአር ጠይቁና ለጠበቃ አሳዩ። አንዳንዱ ውል ከፈረማችሁ በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ መውጣት ይፈቅዳል። ውሉ ቢጸና እንኳ በግል አርቢትሬሽን መሄድ ትችላላችሁ። ለመንግሥት አቤት ማለትንም አይከለክልም።

7. መንግሥት ወይስ ጠበቃ?

የፌዴራሉ የደመወዝና ሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ነፃ ነው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ያመለከተውን ሰው ማንነት በምስጢር ይይዛሉ። የመኖሪያ ወረቀት ያልያዘ ሰውም ለሠራው ሥራ ደመወዝ የመጠየቅ መብት አለው። ጉዳቱ ጊዜ መውሰዱና ሁሉንም አቤቱታ አለመያዛቸው ነው። መሥሪያ ቤቱ ባስማማው መሠረት ገንዘብ ተቀብላችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ ለዚያ ጊዜ በግል የመክሰስ መብታችሁን ትለቃላችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ስሌቱን ከደብተራችሁ ጋር አመሳክሩ።

ጠበቃ ከመረጣችሁ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ የሚሠራ ፈልጉ። የአክሲደንት ወይም የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ይህ ግን ሌላ ሙያ ነው። ብዙዎቹ መጀመሪያ አያስከፍሉም፤ የሚከፈላቸው ጉዳዩ ሲያሸንፍ ነው። ሠራተኛው ካሸነፈ ሕጉ የጠበቃውን ወጪ አሠሪው እንዲከፍል ያዝዛል። እነዚህን ጠይቁ፦ ከዚህ በፊት የነርሲንግ ሆም የምሳ ክስ ይዘሃል? ብንሸነፍ የፍርድ ቤት ወጪ ማን ይሸፍናል? የስቴት ሕጉንም ታነሣለህ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ያልገባችሁን አትፈርሙ።

8. የፈቃድ ፎርሙን ፈርሙ፤ ሰዓቱ የሚቆመው ያን ጊዜ ነው

በፌዴራል የጋራ ክስ ውስጥ በጽሑፍ «እኔም ገብቻለሁ» ያላለ ሰው የለም። ዝም ያለ ውጪ ነው። ይህ በስቴት ሕግ ከሚቀርበው ክላስ አክሽን ይለያል፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ አልፈልግም ብሎ ካልወጣ ሁሉም ውስጥ ነው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሲመጡ ሰው ይምታታል። ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ጊዜው እንዲህ ይቆጠራል። ወደ ኋላ ሁለት ዓመት መጠየቅ ይቻላል፤ አሠሪው ሆን ብሎ ወይም ሕጉን ችላ ብሎ ከሆነ ሦስት ዓመት። ቆጠራው ግን ጓደኛችሁ ክስ በከፈተችበት ቀን ለናንተ አይቆምም። የሚቆመው የናንተ ፎርም ፍርድ ቤት በገባበት ቀን ነው። «እስኪ እነሱ ይጀምሩት፣ እኔ ኋላ እገባለሁ» የምትል ሴት በየሳምንቱ ከኋላ በኩል አንድ ሳምንት ታጣለች። በላይኛው ስሌት በየሳምንቱ 75 ዶላር፣ ከካሣው ጋር 150 ዶላር ማለት ነው። ዳኛው ለሌሎች ሠራተኞች ማስታወቂያ እንዲላክ እስኪፈቅድ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በ2023 የስድስተኛው ሰርኪት ከኦሃዮ በመጣ የሆም ኬር ሠራተኞች መዝገብ ላይ የማስታወቂያውን መስፈርት ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ ፖስታ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ጠበቃው ሄዳችሁ ፈርሙ።

ቶሎ መግባት ሌላም ጥቅም አለው። ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የእንክብካቤ ማዕከል የሠራች ነርስ በየሺፍቱ ስለሚቆረጠው 30 ደቂቃ በሁሉም ስም ከሰሰች። ሌላ ማንም ገና አልፈረመም። አሠሪው ለእሷ 7,500 ዶላርና የጠበቃ ወጪ ልክፈል አለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የእሷ የግል ጥያቄ ካከተመ ሌላ ሰው ስለሌለ የጋራ ክሱም ያከትማል ተባለ። ጄነሲስ ሄልዝኬር በሚለው ስም የሚታወቀው መዝገብ ይህ ነው። ሠራተኛው ያልተቀበለው የክፍያ ሐሳብ ብቻውን ክስን እንደማይዘጋ ፍርድ ቤቱ በ2016 በሌላ መዝገብ ወስኗል። ያም ሆኖ ገና ከጅምሩ አምስት ስድስት ሰው የፈረመበትን መዝገብ አንዲቷን ከፍሎ መዝጋት ይከብዳል።

9. ከዚያ በኋላ የሚጠብቃችሁ

ረጅም ነው። ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የአሠሪው ጠበቃ ከመካከላችሁ ጥቂቶችን ጠርቶ በመሐላ ይጠይቃል። ያን ጊዜ «ሁልጊዜ»ና «በጭራሽ» የሚሉ ቃላት አትወርውሩ። በሳምንት አራት ቀን ከሆነ አራት ቀን በሉ፤ ደብተሩም ያንኑ ይላል።

በመክሰሳችሁ ወይም በማመልከታችሁ ማባረር፣ ሰዓት መቀነስ፣ ከባድ ፎቅ ላይ ደጋግሞ መመደብ፣ በኢሚግሬሽን ማስፈራራት የተከለከለ ነው። ይሆናል ወይ? አዎ፣ ይሆናል። ስኬጁላችሁ ከማመልከታችሁ በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል ፎቶ ያዙና በዚያው ቀን ለጠበቃው ላኩ።

እርቅ ሲመጣ የምትለቁት የደመወዝ ጥያቄን ብቻ ነው ወይስ ሌላውንም ሁሉ? ይህችን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። የጠበቃው ድርሻ ስንት እንደሆነና ለናንተ በሳምንት እንዴት እንደተሰላ ጠይቁ። የደመወዙ ክፍል ታክስ ተቆርጦ በደብልዩ-2 (በደመወዝ የታክስ ቅጽ) ይመጣል፤ ካሣው ብዙ ጊዜ ሳይቆረጥለት በ1099 (በሌላ ገቢ የታክስ ቅጽ) ስለሚመጣ ለታክስ ወቅት ጥቂት አስቀምጡ። ቤት ከቀየራችሁ አዲሱን አድራሻ ለጠበቃው ቢሮ አሳውቁ። ቼኮቹ የመመንዘሪያ ቀነ ገደብ ስላላቸው እንደደረሷችሁ ባንክ አስገቧቸው።